ዝምታን ማንበብ፦ የሥነ ጽሑፍ ወኪል ፍለጋዬ

ልብ ወለድ ጽፎ መጨረስና ለተጻፈው ልብ ወለድ ወኪል፣ ማለትም ሥራውን ለአሳታሚዎች የሚሸጥ ሰው፣ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው ለዓመታት የኖርኩበት ሥራ ነው፤ ሁለተኛውን የጀመርኩት ረቂቁን ደጋግሜ ካረምኩ በኋላ፣ ከዚህ በላይ ብነካካው ከማሻሻል ይልቅ አበላሸዋለሁ ብዬ ባመንኩ ጊዜ ነው። የጻፍኩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ የምፈልገውም ወኪል በለንደን ወይም በኒውዮርክ የኅትመት ገበያ የሚሠራ ነው። በዚህ ጽሑፍ ፍለጋው እንዴት እንደሚካሄድ፣ ይልቁንም ከወኪሎች የሚመጣው መልስና የማይመጣው መልስ ለደራሲው ምን እንደሚነግረው የተረዳሁትን ላካፍል እወዳለሁ። ብዙ ጀማሪ ደራስያን ዝምታውን በመጽሐፋቸው ላይ እንደተሰጠ ፍርድ ቆጥረው ብዕራቸውን ሲያስቀምጡ ማየት ያሳዝነኛል፤ ዝምታው አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፉን ገና ያልነካ ነውና።

ወኪል ለምን ያስፈልጋል ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው። በእንግሊዝኛ የኅትመት ዓለም ትልልቆቹ አምስት አሳታሚዎች፣ ማለትም ፔንግዊን ራንደም ሃውስ፣ ሃርፐርኮሊንስ፣ ሳይመን ኤንድ ሹስተር፣ አሼትና ማክሚላን፣ ጥቂት ልዩ አጋጣሚዎች ካልሆኑ በቀር ከደራሲ በቀጥታ የሚላክ የልብ ወለድ ረቂቅ አይቀበሉም። አርታኢዎቻቸው የሚያነቡት በወኪል በኩል የመጣላቸውን ነው። አነስተኛ አሳታሚዎች ግን ደራሲው ራሱ እንዲልክላቸው በራቸውን ይከፍታሉ፤ ግጥም የሚጽፍ ሰውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ወኪል ሳያስፈልገው ወደ እነርሱ ይሄዳል። ስለዚህ ወኪል መፈለግ ግዴታ የሚሆነው መጽሐፉ በትልልቆቹ ቤቶች እንዲታይ ለሚመኝ ደራሲ ነው፤ እኔም ከእነዚህ አንዱ ነኝ።

ሙያው የቆየ ነው። በለንደን ኤ. ፒ. ዋት የተባለ ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. ከ1875 አካባቢ ጀምሮ የደራስያንን ሥራ ለአሳታሚዎች እየሸጠ ከገቢያቸው ከመቶ 10 እጅ ይወስድ ነበር፤ ብዙዎችም የመጀመሪያው የሥነ ጽሑፍ ወኪል እርሱ ነው ይላሉ። አሳታሚዎች ነገሩን በደስታ አልተቀበሉትም። እ.ኤ.አ. በ1893 አሳታሚው ዊሊያም ሃይነማን ወኪሎችን በጽሑፍ ክፉኛ ነቅፏቸዋል። የዚያ ዘመን አሳታሚ ለምን እንደተቆጣ መረዳት አያስቸግርም፤ እስከዚያ ድረስ ውል የሚያረቅቀው አሳታሚው ራሱ ነበር፤ በሌላው ወገን የሚቀመጠው ደግሞ ስለ መብት ሽያጭ እምብዛም የማያውቅ ደራሲ ብቻ ነበር። ወኪል በመካከላቸው ሲገባ ያ ሚዛን ተለወጠ። ዛሬ የወኪሎች ተቀባይነት እጅግ ከመስፋቱ የተነሣ ራሳቸው አሳታሚዎች የመጀመሪያውን ማጣራት ለእነርሱ ትተዋል።

የወኪል ኮሚሽን ዛሬ በአገር ውስጥ ሽያጭ ከመቶ 15፣ በውጭ አገርና በትርጉም መብት ሽያጭ ደግሞ ከመቶ 20 መሆኑ የተለመደ ነው፤ በውጭ ሽያጭ ላይ ከፍ የሚለው በሌላኛው አገር ያለ ተባባሪ ወኪል ስለሚካፈለው ነው። አሳታሚው ገንዘቡን ለወኪሉ ይከፍላል፤ ወኪሉም ድርሻውን ቀንሶ የቀረውን ለደራሲው ያስተላልፋል። ለምሳሌ አንድ አሳታሚ 20,000 ዶላር ቅድሚያ ክፍያ ቢሰጥ የወኪሉ ድርሻ 3,000 ዶላር ይሆናል። የቀረው 17,000 ዶላርም በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ ከፊሉ ውል ሲፈረም፣ ከፊሉ የመጨረሻው ረቂቅ ተቀባይነት ሲያገኝ፣ ከፊሉም መጽሐፉ ሲታተም ይከፈላል። ደራሲው ከሽያጩ የሚደርሰው ድርሻ (ሮያሊቲ) ይህን ቅድሚያ ክፍያ እስኪሸፍን ድረስ ተጨማሪ ገንዘብ አያገኝም፤ መጽሐፉ ባይሸጥ ግን የተቀበለውን እንዲመልስ አይጠየቅም። ወኪሉ የሚያገኘው ደራሲው ሲያገኝ ብቻ በመሆኑ፣ ረቂቅን ከደራሲ የሚቀበል ወኪል በራሱ ጊዜና ጉልበት ላይ እየወሰነ ነው። ይህን ልብ ማለት ወኪሎች ለምን እንዲያ መራጭ እንደሆኑ እንድረዳ አድርጎኛል። አንድን መጽሐፍ የሚይዝ ወኪል ለወራት ያለ ክፍያ አርሞ፣ ለአርታኢዎች አስተዋውቆ፣ ምናልባትም አንድም ሳንቲም ሳያገኝ ሊቀር ይችላል።

ልብ ወለድ ከመላኩ በፊት ተጽፎ ማለቅ አለበት። ኢልቦለድ መጻሕፍት በዕቅድና በናሙና ምዕራፎች ሊሸጡ ይችላሉ፤ የጀማሪ ደራሲ ልብ ወለድ ግን አይሸጥም። ርዝመቱም ይታያል። ለአዋቂዎች የሚጻፍ የመጀመሪያ ልብ ወለድ ከ70,000 እስከ 100,000 ቃላት ቢሆን ይመረጣል፤ የምናባዊ ዓለም ታሪኮች እስከ 120,000 ድረስ ይፈቀድላቸዋል። 200,000 ቃላት ያለው ረቂቅ ይዞ የሚቀርብ ጀማሪ፣ ጽሑፉ ምንም ያህል የተዋጣለት ቢሆን፣ ቁጥሩን ያየ ወኪል የኅትመት ወጪውንና የአርትዖት ሥራውን አስቦ ገና ሳያነብ ሊያልፈው ይችላል። ከረቂቁ ጋር የሚዘጋጁት ደግሞ የማስተዋወቂያ ደብዳቤና አጽመ ታሪክ ናቸው። የብሪታንያ ወኪሎች ብዙውን ጊዜ ደብዳቤውን፣ አንድ ወይም ሁለት ገጽ አጽመ ታሪክና የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ይጠይቃሉ፤ ብዙ የአሜሪካ ወኪሎች ግን በደብዳቤውና ከሥሩ በሚለጠፉ ጥቂት ገጾች ይጀምራሉ፤ በኢሜይል የተያያዘ ፋይል የማይከፍቱም አሉ።

ደብዳቤው ከ250 እስከ 400 ቃላት ያህል ነው፤ ለእኔ ግን ከማንኛውም ምዕራፍ በላይ ጊዜ የወሰደብኝ እርሱ ነበር። ልብ ወለድ ጸሐፊ በመላው መጽሐፉ የሚታገለው ነገሮችን ቀስ በቀስ ለመግለጥ ነው፤ ደብዳቤው ግን ገጸ ባሕርይዋ ማን እንደሆነች፣ ምን እንደምትፈልግ፣ ምን እንደሚከለክላትና ብትሸነፍ ምን እንደምታጣ በአንድ አንቀጽ እንዲነገር ይጠይቃል። የመጀመሪያው ንድፌ እንዲህ ይል ነበር፦ «ይህ ልብ ወለድ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ እውነትና ስለ ይቅርታ የሚተርክ፣ የአንባቢን ልብ በጥልቀት የሚነካ ሥራ ነው።» በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሐሰት የለም፤ ነገር ግን ለሺህ ሌሎች መጻሕፍትም እኩል ይሆናል። ከብዙ ንድፍ በኋላ የጸናው ይህ ነው፦ «በመሬት መዝገብ ቤት በጸሐፊነት የምትሠራ ሴት አንድ ቤተሰብ ከይዞታው የተነቀለበትን ሐሰተኛ ሰነድ ታገኛለች፤ በሰነዱ ግርጌ ያለው ፊርማ የሟች አባቷ ነው። ሰነዱን ለፍርድ ቤት ብታቀርብ እናቷ የምትኖርበት ቤት ይወረሳል፤ ብትደብቀው ደግሞ የተነቀሉት ሰዎች ክስ በማስረጃ እጦት በአሥር ቀን ውስጥ ይዘጋል።»

ሁለቱን ጎን ለጎን ላነበበ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ጭብጡን ይናገራል፤ ሁለተኛው ግጭቱን ያሳያል። በሁለተኛው ውስጥ «ይቅርታ» የሚል ቃል ባይኖርም አንባቢው የይቅርታን ጥያቄ በራሱ ይደርስበታል። የአሥር ቀኑ ገደብም በመጽሐፉ ውስጥ የነበረ ነገር ነው፤ በደብዳቤው ውስጥ ግን ለረጅም ጊዜ አላስገባሁትም ነበር፤ ካስገባሁት በኋላ አንቀጹ ወደ ፊት መሄድ ጀመረ። ደብዳቤው ከዚህ በላይ የሚፈልገው ጥቂት ነው። የቃላት ብዛት፣ ዘውግ፣ ስለ ደራሲው ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ እንዲሁም ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከወጡ መጻሕፍት መካከል ከዚህኛው ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ሊቀመጡ የሚችሉ ሁለት አርእስት ይበቃሉ። እነዚህን ንጽጽሮች ብዙዎች እንደ ጉራ ይቆጥሯቸዋል፤ ወኪሉ ግን የሚያነባቸው መጽሐፉን የሚገዛው ሰው ማን እንደሆነ ደራሲው ማወቁን ለማየት ነው። ስለዚህ እጅግ ዝነኛ የሆኑትን መጥራት አይረዳም።

ለማን እንደሚላክ መምረጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከመቶ ዓመት በላይ በየዓመቱ ሲታተም የኖረው «ራይተርስ ኤንድ አርቲስትስ ይርቡክ» ስም ለመሰብሰብ ጥሩ መነሻ ነው፤ ኩዌሪትራከር የተባለው ድረ ገጽ ወኪሎችን በዘውግ ለይቶ ያሳያል፤ ፐብሊሸርስ ማርኬትፕሌስ ደግሞ ማን ምን እንደሸጠ ይዘግባል። እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የተማመንኩት በመጻሕፍት መጨረሻ በሚገኘው የምስጋና ገጽ ላይ ነው። ደራስያን ወኪላቸውን በስም ያመሰግናሉ፤ ከእኔ ጋር የሚቀራረብ መጽሐፍ ባነበብኩ ቁጥር ያንን ገጽ ከፍቼ ስሙን እመዘግባለሁ። በዚህ መንገድ የተገኘ ወኪል የሚወደውን በተግባር ያሳየ ነው፤ በደብዳቤው የመጀመሪያ መስመር ላይ «ለእርስዎ የጻፍኩት በዚህ ምክንያት ነው» ለማለትም እውነተኛ ምክንያት ይሰጣል። ከዚህ ቀጥሎ ወኪሉ የሚሠራበትን ድርጅት መመሪያ እስከ መጨረሻው ማንበብ ያስፈልጋል፤ በአንዳንድ ድርጅቶች አንዱ ወኪል አልቀበልም ሲል ሁሉም እንዳልተቀበሉ ይቆጠራል፤ አንዳንድ ወኪሎችም ለጊዜው አዲስ ደብዳቤ መቀበል ያቆማሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለብዙ ወኪሎች በአንድ ጊዜ መላክ ነውር አይደለም፤ ሁሉም የሚጠብቁት ነው። ይሁንና በዝርዝሩ ላይ ላሉት ሁሉ በአንድ ቀን መላክ፣ መልሱ ከሚያስተምረው ትምህርት ራስን መከልከል ነው። ጥቂት ጥቂት እያደረጉ በዙር መላክ ይሻላል፤ ምክንያቱም ደራሲው በየትኛው በር ላይ እንደቆመ ለማወቅ የሚችለው ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ሲሸጋገር የሆነውን በማነጻጸር ነው። በሩ ደግሞ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ደብዳቤው ነው፤ ሁለተኛው አብረው የሄዱት ገጾች ናቸው፤ ሦስተኛው ሙሉው ረቂቅ ነው። ዝምታ የሚገጥመን በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ላይ ከሆነ፣ ወኪሉ መጽሐፉን ስላላነበበው በመጽሐፉ ላይ ምንም አልፈረደም።

በመላው ዙር ማንም ተጨማሪ ገጽ ካልጠየቀ፣ ችግሩ ምናልባት በደብዳቤው ውስጥ ነው፤ ወይም የታሪኩ መነሻ በአንድ አንቀጽ ሲነገር የሚስብ ሆኖ አልቀረበም፤ ወይም ደግሞ የተመረጡት ወኪሎች በዚያ ዘውግ አይሠሩም። መታረም ያለበት ይህ እንጂ አሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ አይደለም። ደብዳቤው ብቻውን ሲላክ ገጽ የሚጠይቁ ወኪሎች እየመጡ፣ ገጾቹ አብረው ሲላኩ ግን ዝም የሚሉ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ወደ መክፈቻው ይዞራል፤ ታሪኩ ምናልባት ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ትዕይንት መጀመር ነበረበት፤ ወይም ተራኪው ከድርጊት በፊት ብዙ ያብራራል። ሙሉው ረቂቅ ተጠይቆ፣ ተነብቦ የሚመለስ ከሆነ ግን አሁን ስለ መጽሐፉ የሚናገር መልስ አለ፤ እርሱን በጥሞና ማዳመጥ ይገባል። እኔ ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው የለወጥኩት ደብዳቤውን ብቻ ነበር፤ አንዲት የረቂቁን ቃል ሳልነካ ሙሉውን የሚጠይቁ ወኪሎች መምጣት ጀመሩ። ዝምታ በመጽሐፉ ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም ስል ይህን ማስረጃ ይዤ ነው።

የጊዜው ርዝመትም መታወቅ አለበት። ለደብዳቤ መልስ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት መቆየቱ የተለመደ ነው፤ ለሙሉ ረቂቅ ደግሞ ወራት ሊወስድ ይችላል። ብዙ ድርጅቶች «በዚህ ጊዜ ውስጥ ካልመለስን አልተቀበልነውም ማለት ነው» ብለው በመመሪያቸው ላይ ይጽፋሉ። ለአንድ ወኪል በየሳምንቱ በመቶዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ሊደርሰው እንደሚችል፣ ደብዳቤዎቹንም የሚያነብበት ጊዜ አስቀድሞ የያዛቸውን ደራስያን ካገለገለ በኋላ የሚተርፈው ሰዓት እንደሆነ ሳስብ፣ ነገሩ ደራሲውን ያማል እንጂ ክፋት እንዳልሆነ እረዳለሁ። ቢሆንም የአንድ መስመር መልስ እንኳ የሚልኩ ወኪሎችን አከብራለሁ፤ በሩ መዘጋቱን ማወቅ ወደ ሚቀጥለው ለመሄድ ያስችላልና።

መልስ ሲመጣም በአግባቡ ማንበብ ያስፈልጋል። «ለእኔ የሚሆን ሆኖ አላገኘሁትም፤ ሌሎች የተለየ አስተያየት ሊኖራቸው ይችላል» የሚለው ለሁሉም የሚላክ ቃል ነው፤ ከውስጡ ምሥጢር መፈለግ ድካም ነው። የገጸ ባሕርይን ስም ጠርቶ፣ ትዕይንት ጠቅሶ የሚጽፍ ወኪል ግን ጊዜውን ሰጥቷል። ሙሉውን ያነበበች አንዲት ወኪል የጻፈችልኝ፣ የእናቲቱ ገጸ ባሕርይ ከመጽሐፉ አጋማሽ በኋላ የልጇን ውሳኔ ብቻ እየጠበቀች የራሷን ፈቃድ እንደምታጣ ነበር። ሦስት ዓረፍተ ነገር ናቸው፤ ነገር ግን እናቲቱ ያለችባቸውን ትዕይንቶች በሙሉ ከዚያ አንጻር መልሼ አነበብኳቸው፤ እንደ አዲስ ልጽፋቸውም ወሰንኩ። አንዳንድ ጊዜ ወኪሉ «ይህን አስተካክለህ መልሰህ ላክልኝ» ይላል፤ ይህ ቃል ኪዳን አይደለም፤ ሆኖም ከልብ የመጣ ግብዣ ነው። ደራሲው በአስተያየቱ ካመነበት ወራት ወስዶም ቢሆን በደንብ ሊሠራው ይገባል፤ ካላመነበት ግን መጽሐፉን ለማያምንበት ሐሳብ ማጣመም የለበትም።

ስለ አጭበርባሪዎች አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ለማንበብ፣ ለመገምገም ወይም ለመመዝገብ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ወኪል አይደለም። የአሜሪካ የሥነ ጽሑፍ ወኪሎች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ አባላቱ የማንበቢያ ክፍያ እንዳይጠይቁ ይከለክላል፤ በብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተ የወኪሎች ማኅበር አለ፤ አንድ ድርጅት አባል መሆን አለመሆኑን ማጣራት ቀላል ነው። በተለይ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ውጭ ያለን ደራስያን፣ የታወቀ ወኪል ስም ተጠቅመው «መጽሐፍዎን አይተን ተደንቀናል» የሚል ኢሜይል ለሚልኩ ሰዎች ተጋላጮች ነን። ሳይጠየቅ መጥቶ የሚያወድስና ጥቂት ቆይቶ የአገልግሎት ክፍያ የሚያነሣ ሁሉ መጠርጠር አለበት። ራይተር ቢዌር የተባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ማጭበርበሮችን የሚያጋልጥ አገልግሎት፣ ከመላክ በፊት ስም የማጣራበት ቦታ ነው።

ወኪል «እወክልሃለሁ» ሲል፣ ከደስታው በፊት ውሉ መነበብ አለበት። ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የስልክ ወይም የቪዲዮ ውይይት ይደረጋል፤ ያኔ የሚጠይቀው ወኪሉ ብቻ መሆን የለበትም። መጽሐፉ ምን ለውጥ ያስፈልገዋል ይላል? ለየትኞቹ አርታኢዎች ሊያሳየው ያስባል? ካልተሸጠስ ምን ያደርጋል? የሚወክለው ይህን መጽሐፍ ብቻ ነው ወይስ ወደፊት የምጽፈውንም? የትርጉምና የፊልም መብትን የሚሸጠው ማን ነው? ውሉን ማቋረጥ ቢያስፈልግ የስንት ቀን ማስጠንቀቂያ ይጠየቃል? ደራሲው ሊያውቀው የሚገባው ከባዱ ነጥብ፣ ወኪሉ የሸጠው መጽሐፍ የአሳታሚው ውል እስከጸና ድረስ ኮሚሽኑን እንደሚያስገኝለት ነው፤ ደራሲና ወኪል ቢለያዩም ይህ አይቀርም። በዚያው ቀን ፈርሞ መመለስ አያስፈልግም። ረቂቁን ወይም ደብዳቤውን በእጃቸው ለያዙ ሌሎች ወኪሎች ግብዣ መምጣቱን ማሳወቅና ሁለት ሳምንት ያህል መጠበቅ በሙያው የታወቀ ሥርዓት ነው፤ ጥያቄ ያቀረበው ወኪልም ይህን ይጠብቃል። ጊዜ የሚነፍግ ወኪል ካለ፣ መንፈጉ በራሱ ስለ እርሱ ይናገራል።

እኔ እዚያ ገና አልደረስኩም። ሙሉው ረቂቅ በእጃቸው ያለ ወኪሎች አሉ፤ እስኪመልሱ ድረስ አዲስ ዙር መላክ አቁሜያለሁ፤ በዝርዝሬ ላይ ከልቤ የምመኛቸው ወኪሎች ገና አልተነኩም። እንዲህ ያደረግኩት አንድ ወኪል አንድ ጊዜ አልቀበልም ብሎ የመለሰውን መጽሐፍ፣ ከሥር መሠረቱ ካልተለወጠ በቀር፣ ዳግመኛ የሚያነበው እምብዛም ስላልሆነ ነው። የእናቲቱን ትዕይንቶች እንደ አዲስ እየጻፍኩ ነው፤ ለቀሩት ወኪሎች የሚሄደው ረቂቅ እነዚህ ትዕይንቶች ተጽፈው ያለቁበት ይሆናል።